ስኬሉን ሸምድጄዋለሁ፣ ሶሎ ስጫወት ግን ሀሁ እንደሚቆጥር ልጅ ነኝ፣ እርዱኝ

ጀማሪ_ጊታር፦

ሰላም ጊታረኞች፣ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ በናታችሁ።

ጊታር ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ኮርድ (ብዙ ኖታ ባንዴ) ብቻ ነበር ምመታው፣ ከዛ ሊድ (ዜማውን ለብቻ) መጫወት አማረኝና ከዩቲዩብ ላይ ፔንታቶኒክ ስኬል፣ ማለት ባለ አምስት ኖታውን መሰላል፣ መማር ጀመርኩ። አሁን አምስቱንም ቦክስ (ጊታሩ አንገት ላይ ያሉትን የስኬሉን የጣት ቅርጾች) ተኝቼም አውቃቸዋለሁ፣ የኤ ማይነሩን 5ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ በሜትሮኖም (ምት ሚቆጥረው) 120 ላይ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ እወርደዋለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባኪንግ ትራክ (ያለ ሊድ የተቀዳ አጃቢ ሙዚቃ) ከፍቼ ሶሎ ልጫወት ስል ያው የተለማመድኩት ስኬል ነው ሚወጣው። ኖታው ልክ ነው፣ አንድም የሳትኩት ነገር የለም፣ ግን ሙዚቃ አይመስልም። እህቴ ከጎን ክፍል ሆና "አንተ አሁንም ሀሁ ላይ ነህ? የኔታ አላሳለፉህም?" ትለኛለች። ስትስቅብኝ ብናደድም እውነቷን ነው፣ አንዴ በስልኬ ቀድቼ ስሰማው በቃ ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ ሄዶ ሆ ህ ሄ እያለ ሚመለስ።

ባለፈው ደግሞ ከጓደኞቼ ጋ ተሰብስበን ስንጫወት "ግባ፣ ሶሎ ያንተ ነው" አሉኝና 16 ባር (ባር ማለት አንድ ዙር ምት ነው) ለቀቁልኝ። ከታች ተነስቼ ላይ ደረስኩ፣ ከላይ ተነስቼ ታች ደረስኩ፣ ገና 8 ባር ይቀራል። ምን ላድርግ፣ ድጋሚ ወጣሁ። ኪይቦርድ ሚጫወተው ልጅ ቀና ብሎ ሲያየኝ ጣቴ ሁሉ ተሳሰረ።

እና ሌላ ስኬል መማር አለብኝ? ወይስ ፍጥነት ነው ሚጎለኝ? ወይስ ዝም ብሎ ተሰጥኦ ነው፣ ያለው አለው የሌለው ኮርዱን ይምታ ነው ነገሩ?

ፈጣኑ_ጣት፦

ፔንታቶኒክ አምስት ኖታ ብቻ ስለሆነ ነው ሚደብረው። ባለ ሰባት ኖታዎቹን ስኬሎች ያዝ፣ ዶሪያን ተማር፣ ከዛ ሃርሞኒክ ማይነር፣ ሜትሮኖሙን 160 አድርሰው፣ ያኔ ራሱ ይመጣልሃል።

የምሽት_ሊድ፦

ኧረ ፈጣኑ፣ ልጁን ገደል አትክተተው። ኖታ አንሶት አይደለም። የኛ ሀገር ዘፈን አብዛኛው በአምስት ኖታ ነው የተሠራው፣ ሰው እያለቀሰ ሚሰማው ትዝታ አምስት ኖታ ነው። በአምስቱ መናገር ያልቻለ ሰው ሰባት ብትሰጠው በሰባት ነው ሀሁ ሚቆጥርልህ፣ ያውም በ160።

ጀማሪ ወንድሜ፣ እኔ ሠርግና ሆቴል ላይ ሊድ ስጫወት ወደ 20 ዓመት እየተጠጋሁ ነው፣ ያልከው ነገር በኔም ደርሷል። ልጅ ሆኜ ልምምድ ላይ ሶሎ በተሰጠኝ ቁጥር ጊታሩን ከጫፍ ጫፍ ስሮጥበት የባንዳችን መሪ አንድ ቀን ሰለቸውና "ዛሬ ከ3ኛው ክር ውጪ ከነካህ ትከፍላለህ" አለኝ፣ የሁሉም ሰው ቡና በኔ ሂሳብ ማለቱ ነው። የዛን ቀን ለሰባት ሰው ቡና ከፈልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ አንድ ክር ላይ ስትሆን ቦክስ የለም፣ ጣትህ የለመደው መንገድ የለም፣ ስለዚህ ቀጥሎ ሚመጣውን ኖታ በጆሮህ መፈለግ ግድ ይሆንብሃል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ ጣትህን ማንሸራተት ስላለብህ ሳታስበው ስላይድ ይገባል፣ ድምፁ ወደ ሰው ድምፅ ይጠጋል። ማሲንቆ ባንድ ክር ሰው ሚያስለቅሰው ለምን መሰለህ።

አሁን ወደ ቦክስህ። 5ኛ ፍሬት ላይ ያሉህ ኖታዎች ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው አይደል? እነዚሁ አምስቱ ቤታቸው ሲ ላይ ከሆነ ሲ ዲ ኢ ጂ ኤ ይሆናሉ፣ ያ ማለት ትዝታ ሜጀር ነው። ቤታቸው ኤ ላይ ከሆነ ባቲ ማይነር ምንለው ነው። አንድም ፍሬት አልቀየርክም፣ የቀየርከው ጉዞው ሚያልቅበትን ቦታ ነው። አንተ ስኬሉን ስትወጣ ስትወርድ ግን ቤት የለህም፣ መንገድ ላይ ነው ምታድረው፣ ሰሚው ደግሞ የት እንደምትሄድ ካላወቀ ይሰለቸዋል።

ዛሬ ማታ ሞክረው፣ ጓደኛህ ሲ ኮርድ ብቻ ዝም ብሎ ይምታልህ ወይ ራስህ በስልክህ ቅዳው። ሲ ያለችው 6ኛ ክር (ወፍራሙ፣ 1ኛው ቀጭኑ ነው) 8ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ክር 5ኛ ፍሬት እና 1ኛ ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ነው። የፈለግከውን ተጫወት፣ ግን ስትጨርስ ከነዚህ ባንዷ ላይ እረፍ። አስር ደቂቃ። ከዛ ኮርዱን ኤ ማይነር አድርገውና ማረፊያህን ኤ አድርግ፣ 6ኛ ክር 5፣ 4ኛ ክር 7፣ 1ኛ ክር 5። ያው ኖታ ሌላ ሀገር ሲሆን ራስህ ትሰማዋለህ።

ሁለተኛው ነገር ምት ነው፣ እኔ እንደውም ከኖታው በላይ ሚበልጠው እሱ ነው ባይ ነኝ። አንተ ለሁሉም ኖታ እኩል ርዝመት እየሰጠህ ነው፣ ሜትሮኖሙ እንደዛ አስለምዶሃል። አማርኛ ስታወራ እንደዛ ታወራለህ? "ገና" ብለህ ጻፍ። አላልተህ ካነበብከው ገና አልመጣም ነው፣ አጥብቀህ ካነበብከው በዓሉ ነው። ፊደሉ ያው ሁለት ነው፣ የተለወጠው እላዩ ላይ የቆየህበት ጊዜ ብቻ ነው። ኖታም እንደዛው ነው፣ ሲ ላይ ነካ አርገህ ስታልፍና ሲ ላይ ጠበቅ አርገህ ስትቆይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያልከው።

ሦስት ኖታ ብቻ ውሰድ፣ 3ኛ ክር 5 እና 7፣ 2ኛ ክር 5። ሲ ዲ ኢ ማለት ነው። በሦስቱ ብቻ "የት ነበርሽ እስካሁን" በል፣ ስትናገረው ያለውን ምት ይዘህ በጊታር። ጥያቄ ስለሆነ መጨረሻው አየር ላይ ይንጠልጠል፣ ዲ ላይ ተወው። ከዛ ዝም በል፣ አንድ ሙሉ ባር ዝም። ከዛ መልሱን ስጥ፣ "ቤት ነበርኩ"፣ ሲ ላይ አርፈህ። ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ ሳትነካው ድገመውና መልሱን ቀይረው፣ ታክሲ ጠፍቶ ነው፣ ዝናብ ይዞኝ ነው፣ አንተን ብዬ ነው፣ ሰባት ዓይነት ሰበብ ፍጠርላት። ሶሎ ማለት እሱ ነው። 16 ባር ሚሞላው በአራት ጥያቄና በአራት መልስ ነው እንጂ ስኬሉን ስምንቴ በመውጣት አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

የምሽት ሊድ 👏 ሰባት ሰው ቡና ግን ልብ ይነካል።

እኔ አሜሪካ ነው ጊታር የተማርኩት፣ ብሉዝ ምናምን ነበር ሚያስተምሩኝ። ቢቢ ኪንግ፣ የብሉዝ ጊታረኛና ዘፋኙ፣ እየዘፈነ አብሮ ጊታር አይጫወትም ነበር፣ ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ከዛ ጊታሩ ይመልስለታል። መጀመሪያ ቪዲዮውን ሳይ ይሄ ሰውዬ አዝማሪ ነው እንዴ ነው ያልኩት፣ እናቴም አጠገቤ ነበረች፣ እንግሊዝኛው ሳይገባት "ይሄስ እያወራ ነው" አለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምትጫወተውን አብረህ በአፍህ በለው። ድምፄ አያምርም እንዳትለኝ፣ የኔም አያምርም፣ ማንም አይሰማህም። ዋናው ነገር ትንፋሽ ነው። ጣት አይደክመውም፣ ዝም ካልከው እስከ ጠዋት ስኬል ሲወጣ ያድራል፣ ሳንባ ግን ቶሎ ያልቅበታል። ትንፋሽህ ሲያልቅ ጊታርህም ይቁም። እንደዛ አርጌ ከሳምንት በኋላ ሶሎዬ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ እና አራት ነጥብ መሰማት ጀመረ።

እና ሁሌ ቅዳ። ስልክህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከመጀመሪያው ክፈተው፣ አሪፍ ነገር ሲመጣልህ እከፍተዋለሁ አትበል፣ ያኔ አይመጣም።

ፈጣኑ_ጣት፦

ወይ ጉድ፣ እኔ ምክር ሰጥቼ በቢቢ ኪንግ ተደበደብኩ 😂 ቆይ ግን ስኬል አትለማመድ ልትሉት ነው? እጁ ሳይፈታ ምን ሊናገር ነው?

ኳየር_ጊታር፦

ፈጣኑ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ ማንም ስኬል ይተው አላለም። እጅ የት እንዳለ ካላወቀ በጆሮ የሰማኸውን የት ታገኘዋለህ። ጀማሪ ያንን ጨርሶታል፣ የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው።

እኔ ሀዋሳ ጸሎት ቤት ነው ምጫወተው፣ ከኳየር ጋ። ሶሎ ሚባል ብዙ የለንም፣ ዘማሪዋ ስንኙን ጨርሳ ቀጣዩ እስኪጀመር ያለችው ክፍተት ናት የኛ፣ ሁለት ባር ከሆነች ትልቅ ናት። በጣም ነው ሚያስተምረው፣ ምክንያቱም ዘማሪዋ ላይ ከገባህ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ነው ሚያይህ። ገብተህ፣ አንድ ነገር ብለህ፣ በጊዜ ወጥተህ፣ በቃ።

ከላይ ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮርዱ ሲቀየር ማረፊያህም ይቀየራል። ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ ሚሄድ መዝሙር አለ እንበል። ሲ ላይ 3ኛ ክር 5ኛ ፍሬት ብታርፍ ቤትህ ነህ። ኤ ማይነርም ላይ ሲ ትገጥማለች፣ ኤፍም ላይ ትገጥማለች፣ ጣትህን ሳታነሳ ሦስት ኮርድ አለፍክ። ጂ ላይ ግን እዛችው ላይ ከተኛህባት ትጎረብጣለች፣ ጂ ኮርድ ውስጥ ያለችው ቢ ስለሆነች ከሲ ጋ አይስማሙም። ኮርዱ ሊቀየር ሲል እዛው ክር ላይ ወደ 7ኛው ፍሬት ተንሸራተት፣ ዲ ናት፣ ጂ ውስጥ ያለች። አንዲት ስላይድ ናት፣ ግን ሰሚው ኮርዱን አንተ የቀየርከው ነው ሚመስለው። እኔ መጀመሪያ ይሄን ሳገኝ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ነበር ብያለሁ።

ቤንድም ላይ አንድ ነገር። ብዙ ጀማሪ ክሩን ይገፋዋል ግን የት እንደሚደርስ አያውቅም፣ ከግማሽ መንገድ ይቀራል፣ እና ሚያለቅስ ሳይሆን ሚያቃስት ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ 2ኛ ክር 5ኛ ፍሬት ምታና ስማው፣ ኢ ነው። ጆሮህ ውስጥ ይዘኸው 3ኛ ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ዲን ይዘህ ግፋ፣ ልክ ያ የሰማኸው ኢ እስኪሆን። አመልካች ጣትና መሀል ጣት ከኋላ ሆነው ያግዙት፣ በቀለበት ጣት ብቻ ከገፋህ ጣትህ ነው ሚያልቀው። 2ኛ ክር 8ኛ ፍሬትም እንደዛው፣ ጂን ወደ ኤ፣ ማመሳከሪያህ 1ኛ ክር 5ኛ ፍሬት።

ደግሞ ቀኝ እጅህን እርሳው ያለህ አለ እንዴ? ሁሉንም እኩል አትምታ በናትህ። ሹክ ማለትም አለ።

ባለ_ክራር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ጊታር አልጫወትም፣ ይህን ያሳየኝ የልጄ ልጅ ነው፣ ክራር ስለምደረድር "አያቴ ምን ትላለህ" ብሎኝ ነው። ጽሑፉንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ።

ልጄ፣ ስኬሉን አውቄ ዜማ አልወጣልኝም ያልከው አስገረመኝ፤ ምክንያቱም ክራር ላይ ነገሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ክራሩን ትዝታ ብለህ ከቃኘኸው በኋላ መሳት ብሎ ነገር የለም። ስድስቱም ክር የቅኝቱ ድምፅ ነው፣ አምስት ድምፅ፣ ስድስተኛው የአንደኛው እጥፍ ነው። እንግዲህ የክራር ተማሪ ቅኝቱን ባወቀ ዕለት እናንተ ስኬል የምትሉትን ጨርሷል ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚማረው ምንድን ነው? የት እንደሚቆም፣ የቱን ደጋግሞ እንደሚነካ፣ የቱን እንደሚያፍን። ግርፍ ስንመታ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ነው የሚገርፈው፣ ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው፣ እሱም የማይፈለገውን ክር በጣቱ እያፈነ። ሁሉም ድምፅ እዚያው አለ፣ የምትፈልገውን ብቻ ትለቀዋለህ። ማፈን መጫወት መሆኑን ለመረዳት እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሌላው፣ "ተቀበል" ሲባል ሰምተሃል አይደል። አዝማሪው እየተጫወተ ከእድምተኛው አንዱ ተነስቶ "ተቀበል" ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ያችኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳታል። የራሱን አይጨምርባትም፣ መጀመሪያ የተሰጠውን ነው የሚመልስ። አንተም ሶሎ ሲሰጡህ ከባዶ አትነሳ። ዘፋኙ መጨረሻ ላይ የተወውን ቃል ተቀበል፣ ራሷን መልሳት፣ ከዚያ በኋላ የራስህን ትጨምራለህ። ከየት ልጀምር ብለህ አትጨነቅም።

ጌታቸው መኩሪያን ነፍሱን ይማረውና፣ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ሽለላ የአፍ ነገር ነው፣ የሚሸልል ሰው ቆም ይላል፣ ይንጎራደዳል፣ አንዷን ቃል ይዞ ያስጮኻታል። እሱ ያንን ነው በብረት የነፋው፣ መቆሙም መንጎራደዱም ሳክስፎኑ ውስጥ አለ። ብትሰማው አይጎዳህም።

ጀማሪ_ጊታር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የማመሰግኖት፣ ለልጅ ልጅዎም ምስጋናዬን ንገሩልኝ። ማፈን ያሉት ነገር ጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር፣ እኔ ሁሉም ክር ዕዳ ይመስል ሁሉንም ለመክፈል ነው ምሮጠው።

ሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ፣ ሞክሬ እመለሳለሁ።

ጀማሪ_ጊታር፦

ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሦስት ሆነ፣ ይቅርታ፣ መብራትም ፈተናም ነበር።

በሦስት ኖታ "የት ነበርሽ እስካሁን" ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን በአስር ደቂቃ ሰለቸኝ፣ እውነቱን ልናገር። ከሁሉም ከሁሉም የከበደኝ ያቺ ዝም ማለት ያለብኝ ባር ናት፣ እጄ ራሱን ችሎ ይገባባታል፣ እጄን ከክሩ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በእግሬ አንድ ሁለት እያልኩ መቁጠር ነበረብኝ። እህቴ "ምነው፣ መብራት ሄደ?" አለችኝ። አኮስቲክ ጊታር እኮ ነው!

ሲልቨር እንዳለው አብሬ በአፌ እያልኩ ስለምለማመድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ጥያቄዋን አውቋታል። አንድ ቀን እህቴ አምሽታ ስትገባ በሩ ሲንኳኳ እኔ በጊታሩ ብቻ ጥያቄዋን መታኋት፣ አፌን አልከፈትኩም። ጫማዋን እያወለቀች "ታክሲ ጠፍቶ ነው" አለች። እናቴ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን ደነገጥኩ ማለት ይሻላል፣ ከጀመርኩ ጀምሮ ጊታሬ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

የኮርዱንም ሞክሬዋለሁ፣ ያቺ ከ5 ወደ 7 ምትንሸራተተው ጂ ላይ፣ ኧረ ኳየር እህቴ ተባረኪ። ቤንዱ ገና ነው (የላላው ገና)፣ 3ኛ ክር ላይ ኢ ጋ ሳይደርስ ጣቴ ይሸነፋል።

አሁን ያለኝ ችግር፣ ከዩቲዩብ ማወርዳቸው ባኪንግ ትራኮች ላይ ትዝታ ትዝታ አይሸትም፣ ሮክ ነው ሚሆንብኝ። እና ደግሞ ሆድ ሚያባባውን፣ ያዘነውን ትዝታ እንዴት ነው ማመጣው፣ በዚሁ ቦክስ ይሆናል?

የምሽት_ሊድ፦

የላላው ገና 😂 ጎበዝ።

ባኪንግ ትራኩ 4/4 የሮክ ከበሮ ከሆነ እኮ ምን ብትል ሮክ ነው። 6/8 ፈልግ፣ ወይም ከበሮ ማሽን አፕ አውርደህ ራስህ ሥራው፣ በጣም ቀስ አርገህ። 1 2 3 4 5 6 ቁጠር፣ እና ሐረግህን ሁሌ ከ1 አትጀምር፣ አንድ ጊዜ ከ4 ግባ፣ አንድ ጊዜ 6 ላይ ተንደርድረህ 1 ላይ እረፍ። ሀሁ ሚያስመስልህ አንዱ ነገር ሁሌ ከባሩ ራስ መነሳትህ ነው። ከሰው ደግሞ ስማ፣ የሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ሥዩምን ጊታር ብቻ ለይተህ ተከታተል፣ ዘፋኙን እርሳውና ጊታሩ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ብቻ አድምጥ። አንዷን ሐረግ በጆሮህ አውጣ፣ ከታብ (ፍሬቱ በቁጥር ከተጻፈበት ወረቀት) እንዳትገለብጥ። አንዷ ሐረግ ሳምንት ብትፈጅብህም አትናደድ፣ ሳምንቱ ሙሉ እኮ ጆሮህ ነው ሚሠራው።

ያዘነው ትዝታ፣ ትዝታ ማይነር ነው። ኤ ላይ እናርገው፣ ከለመድከው ቦክስ ላይ ዲ እና ጂን አውጣ፣ ቢ እና ኤፍን አስገባ። ኤ ቢ ሲ ኢ ኤፍ። ላይኛው ጫፍ ላይ 3ኛ ክር 5 (ሲ)፣ 2ኛ ክር 5 እና 6 (ኢ፣ ኤፍ)፣ 1ኛ ክር 5፣ 7፣ 8 (ኤ፣ ቢ፣ ሲ)። አሁን ሆድ ሚያባቡት ሁለት ቦታዎች አሉ፣ ከኢ ወደ ኤፍ እና ከቢ ወደ ሲ፣ አንድ ፍሬት ብቻ ሚራራቁት። እዛ ላይ አትቸኩል። 2ኛ ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ኤፍን ምታና ደግመህ ሳትመታ በፑል ኦፍ (ጣትህን ከክሩ ላይ ሳብ አርገህ በማንሳት) ወደ 5ኛው ውረድ፣ ቀስ ብለህ፣ እስክትወድቅ ጠብቃት። የቀረው ስኬል ባይኖርም በሁለቱ ብቻ ሰው ታስተክዛለህ።

ደግሞ ያኔ ያልኩህን አስታውስ፣ ቤት መቀየር። እነዚሁን አምስት ኖታዎች ይዘህ ማረፊያህን ኢ አድርገው፣ ኢ ኤፍ ኤ ቢ ሲ፣ አምባሰል ሆነልህ። ከስር ኤ ማይነር ሚመታ ካለ ግን ጆሮህ ወደ ኤ ይጎትትሃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ 6ኛውን ክር ባዶውን ደጋግመህ እየመታህ፣ ኢ እየጮኸ፣ እላዩ ላይ ተለማመድ። አንቺ ሆዬ ሚባለውን ቅኝት ለጊዜው ተዋት፣ እሷ ገና ሌላ ጭቅጭቅ ናት፣ ጊታር ላይ ፍሬቱ ሚሰጥህ ድምፅና ማሲንቆ ላይ ምትሰማው ድምፅ ሁሌ አይገጥሙም፣ ትንሽ ትንሽ በቤንድ መስረቅ ይፈልጋል።

ፈጣኑ_ጣት፦

የተቆጣኝ የለም ብዬ ልግባና፣ ያቺን ሦስት ኖታ እኔም ሞከርኳት። በ160 አትሆንም። 🙈

ኳየር_ጊታር፦

ፈጣኑ፣ እንኳን ደህና መጣህ 😁 ጀማሪ፣ ለቤንዱ የክርህ ውፍረት ቁጥር ስንት ነው? አኮስቲክ ላይ 12 ወይ 13 ከሆነ ወፍራም ነው፣ ወፍራም ክር ሙሉ ድምፅ መግፋት ለማንም ከባድ ነው፣ ባንተ አይደለም። 10 ካገኘህ ቀይረው፣ እስከዛ በግማሽ ቤንድና በስላይድ ተጫወት፣ ዲ ላይ ሆነህ እዛው 3ኛ ክር ላይ ወደ 9ኛ ፍሬት ተንሸራተት፣ ያው ኢ ነው።

ጀማሪ_ጊታር፦

13 ነው ለካ! ሻጩ ጠንካራ ነው አይበጠስም ብሎኝ ነው የገዛሁት። ነገ እቀይረዋለሁ።

እና ልነግራችሁ የመጣሁት፣ ትናንት ማታ ያንን ኤ ቢ ሲ ኢ ኤፍ በጨለማ ቁጭ ብዬ ቀስ ብዬ እየተጫወትኩ ነበር። ከኤፍ ወደ ኢ ወርጄ፣ ቆይቼ፣ ከዛ የሆነ ነገር አልኩ፣ እኔንጃ ሲ ጋ ሄጄ ነው መሰለኝ ተመልሼ ኤ ላይ አረፍኩ። እህቴ ከኩሽና ሆና፣ ስኒ እያጠበች ነበር፣ ውሃውን ዘጋችና "ያቺን ድገማት እስቲ" አለችኝ። ሀሁ ምናምን አላለችም። ድገማት! እና ላደርገው ስሞክር ጠፋችብኝ። ሃያ ጊዜ ሞከርኳት፣ አንዷም እሷ አይደለችም፣ እህቴም "አይ፣ ይሄ አይደለም" እያለች በመጨረሻ ውሃውን ከፈተችው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ስልኩስ? ተከፍቶ ነበር?

ጀማሪ_ጊታር፦

ቻርጅ ላይ ነበር።